ፓርላማ የገባው ቋጠሮ

እኔ ትምህርት ቤት በበሩ አልፌ እንጂ ለመማር ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለቀምኩት ከመንገድ ነው። ሐረር ፈረስ መጋላ ካሉት የሱቅ ሰሌዳዎች "ዳ"ን ከዳቦ ቤቱ፣ "መ"ን ከመድኃኒት ቤቱ እያልኩ አንድ አንድ አነሳሁ። አጻጻፌ ቢንገዳገድ መንገደኛ ስለሆንኩ ነውና ይቅር በሉኝ።

እግሬ ቤት አይቀመጥም። አንድ ቀን ጀጎል ውስጥ ከአንዱ ቀጭን መንገድ ወደ ሌላው ስዞር እውላለሁ፣ በማግስቱ ድሬ ጠያራ እወርዳለሁ። ልጄ እዚያ ገበሬ አግብታ ነው የምትኖረው። ካሮት፣ ቀይ ሽንኩርትና ሰላጣ ይተክላሉ፤ እሷ በሳምንት ሁለት ቀን ኤረር በር ገበያ አምጥታ ትሸጣለች። ጠያራ በእኛ አገር አፍ አውሮፕላን ነው። የልጄ መንደር ግን አውሮፕላኑ ቀርቶ ባጃጅም በግድ ነው የሚገባው።

እንዲህ ስዞር ሰው ሁሉ መልእክት ያሸክመኛል። አንዷ የእህቷን ልጅ ጤና ጠይቂልኝ ትላለች፣ ሌላው ያዋስኩትን ድስት ይመልስልኝ በይው ይላል። መጻፉ ስለማይቀናኝ ለእያንዳንዱ መልእክት የሻሼን ጫፍ አንድ ጊዜ እቋጥራለሁ። ሳደርስ እፈታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አንድም መልእክት ጠፍቶብኝ አያውቅም፣ አልሐምዱሊላህ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ከሁለት ዓመት በፊት ልጄ መንደር አንድ ትልቅ መቆፈሪያ መኪና መጣ። ስንት ቀን ሲያንቀጠቅጠን ከርሞ አንድ ቀን ከሰዓት ውሃው ፈንድቶ ወጣ። እኔም በዚያ ቀን እዚያው ነበርኩ። ልጄ ቀሚሷ ገላዋ ላይ እስኪጣበቅ ድረስ ውሃው ውስጥ ስትዘል አየኋት፤ ከተዳረች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ባለሙያዎቹ የጉድጓዱን አፍ በብረት ክዳን ገጥመው በአራት ቡሎን አሰሩት። ፓምፑና መብራቱ ሲመጣ ይከፈታል ብለውን ሄዱ።

ሁለት ክረምት አለፈ። ክዳኑ ዝጎ ቡናማ ሆነ። ፍየሎች ይቆሙበታል፣ እኔም ሲደክመኝ እቀመጥበታለሁ። በበጋ ወንዙ ሲደርቅ የልጄ ሽንኩርት ከክዳኑ ሥር ካለው ውሃ አርባ እርምጃ ርቆ ይጠወልጋል። ባለፈው በጋ አንድ ቀን የደረቀውን መደብ በእግሯ እያፈረሰች፣ "እማዬ፣ ይሄኛው በጋም እንዲህ ካለፈ ጅጅጋ እንሄዳለን" አለችኝ። የባሏ ወንድም እዚያ ሱቅ አለው፣ ሥራም እሰጣችኋለሁ ብሏቸዋል። ተሳሳትሽ አላልኳትም። ግን ጅጅጋ በእግር አይኬድም። ያን ዕለት ወደ ሐረር ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ።

በዚያው ሰሞን የምክር ቤት ተወካያችን ሕዝቡን ልታወያይ መጣች። አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት፤ አረንጓዴ ሻርፕ አድርጋለች። የተሰበሰብነው መንደሩ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለልጆች የተሠራ ስለሆነ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ተወካያችን ወረቀት አውጥታ የእኛ ጉድጓድ ለምክር ቤቱ በቀረበው ሪፖርት ላይ "ተጠናቋል" ተብሎ መጻፉን፣ በጀቱም ወጪ መሆኑን ነገረችን። ሴቶቹ ሳቁ። ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ ለራሷ ያህል፣ "ጉድጓዱስ ተጠናቋል፤ ውሃው ነው ያልተጠናቀቀው" አለች። ተወካያችን ሰምታ ኖሮ ደገመችውና ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ሲያበቃ ጠጋ ብዬ እስካሁን ስንት መልእክት እንደተሸከመች ጠየቅኳት። ከየቀበሌው የተሰበሰበው ከሃያ በላይ መሆኑን ነገረችኝ። ደነገጥኩላት። በደብተር የተጻፈ ደብተሩ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ሳላስፈቅዳት የሻርፗን ጫፍ ይዤ ቋጠርኩት።

"ልጄ፣ ይሄ የብረቱ ክዳን ነው። ሳታደርሺ እንዳትፈቺው።"

"አኮ፣ በዚህ አስረውኝ ወዴት አመልጣለሁ?" አለችና ሳቀች። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ያኔ ወደድኳት።

ከሳምንታት በኋላ ለልጄ ደወለችላት፦ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት የውሃውን ጉዳይ የሚመሩት ሚኒስትር ምክር ቤት ይቀርባሉ፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ልጄ ማክሰኞ ገበያዋ ነው። ተዪው፣ የዚያን ቀን አትሽጪ ብላት እሺ አላለችም።

"አንቺ እይልኝ። ንግግሩን ግን አታምጪብኝ፣ መልሱን ብቻ ንገሪኝ" አለችኝ። ይኸው እኔም ቋጠርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ፈረስ መጋላ ካለው ሻይ ቤት ቀድሜ ደረስኩ። ባጃጅ ነጂዎች ተራ እስኪደርሳቸው ድረስ ያለፈ ቀን ኳስ ያያሉ። ባለቤቱን ፓርላማውን እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። ጨዋታው ሳያልቅ እንዴት ይሆናል ብሎ አንገራገረ። ያ ጨዋታ ትናንት ያለቀ ነው፣ ውጤቱንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የእኔው ግን ገና አልታወቀም አልኩት። ነጂዎቹ ሳቁና ፈቀዱልኝ።

ጥግ ላይ ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ከመኪና ግርግር የመጣ ልብስ ሰፊ ሻዩን ይጠጣል። አብሮ አደጌ ነው፣ ምላሱ ከመርፌው የሾለ።

"ዞረሽ ዞረሽ ሐረርን ጨረስሽና ዛሬ ደግሞ ፓርላማ ልትዞሪ ነው?" አለኝ። ጥያቄያችን እንደማይነሳ፣ ከተነሳም ሻይ እንደሚጋብዘኝ ቃል ገባ።

አሠራሩን እስከዚያ ቀን አላውቀውም ነበር። አንድ ጥያቄ አንድ መልስ ይመስለኝ ነበር። ለካ አባላቱ ተራ በተራ እየተነሱ ጥያቄውን ይከምሩታል፣ ሚኒስትሩ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ፣ መልሱ በመጨረሻ ባንድ ላይ ይመጣል። ይሄማ የእኔው ሥራ ነው ብዬ ሻሼን አውርጄ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። አንዱ የአንድ ግድብ ሥራ ለምን ዘገየ አለ፣ ቋጠርኩ። አንዷ የተመደበው ገንዘብ ግማሹ ሳይሠራበት ለምን ተመለሰ አለች፣ ቋጠርኩ። ሦስተኛው ረጅም አወራ፣ ጥያቄው የት እንዳለ ስላጣሁት ልብስ ሰፊውን ጠየቅኩት። "እሱም እየፈለገው ነው" አለኝ። ለማንኛውም ብዬ ቋጠርኩለት።

ቋጠሮዬ ስድስት ሲሞላ አረንጓዴ ሻርፕ ታየ።

"የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ አመሰግናለሁ። ክቡር ሚኒስትር፣ ድሬ ጠያራ ውስጥ ከሁለት ዓመት በፊት ውሃ የወጣለት ጉድጓድ በሪፖርትዎ ተጠናቋል ይላል። በጀቱም ወጪ ሆኗል። ነዋሪዎቹ ግን ጉድጓዱ ተጠናቋል፣ ውሃው ነው ያልተጠናቀቀው ይላሉ። የብረት ክዳኑ መቼ ይከፈታል?"

ሰባተኛውን ቋጠርኩ። ወላሂ፣ የልጄ ቃል ነው እኮ፣ ከተማሪ ወንበር ተነስቶ አዲስ አበባ ገብቶ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የቆመው። ሻይ ቤቱ ተንጫጫ። ልብስ ሰፊው በእጁ ጠቁሞ ለእኔ ሻይ አዘዘ። ተራው የደረሰ ባጃጅ ነጂ ከውጭ ቢጠሩት አልንቀሳቀስ አለ።

ከዚያ መልሱ ተጀመረ፣ የእኔም ጭንቅ ተጀመረ። ሚኒስትሩ ጥያቄዎቹን በተነሱበት ቅደም ተከተል አልመለሱም። ተመሳሳዮቹን በጥቅሉ እመልሳለሁ ብለው ሦስቱን ባንድ ጊዜ አነሱ። የትኛውን ልፍታ? ግድቡን ፈታሁ፣ የተመለሰውን ገንዘብም ፈታሁ። አንዱን ግን ግማሹን መልሰው አለፉት፣ ግማሽ ቋጠሮ ደግሞ አይፈታም። የእኛው ሰባተኛው ቋጠሮ እንደጠበቀ ነው።

"ድሬን በተመለከተ" አሉ ሚኒስትሩ።

ዝም፣ ዝም ተባባልን። በጥርሴ ጭምር መፍታት ጀመርኩ። ጉድጓዶች ተቆፍረዋል አሉ፣ እሰይ። መስመር ተዘርግቷል አሉ። መቼ? አልኩ በሆዴ። ነጂዎቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ቀጠሉና፣ በተለይ በባቡር ጣቢያው አካባቢ ያሉ ነዋሪዎች ተጠቃሚ ሆነዋል አሉ።

እጄ ቆመ። "ድሬ ጠያራ ባቡር አለ እንዴ?" አልኩ።

ልብስ ሰፊው ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ሴትዮ፣ እኛ በጠያራ ብንልክ እሳቸው በባቡር መለሱልን። ድሬዳዋ ገብተዋል።"

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ላለቅስ ነበር። ድሬ ሲባል ለሩቅ ሰው አንዲት ድሬ ብቻ ናት፤ የእኛዋ ስሟ እንኳ ሳይጨረስ ነው የተመለሰላት። የላላውን ቋጠሮ መልሼ ሳብኩት፣ ጣቴ እስኪነጣ። አፈ ጉባኤው ሰዓቱ መድረሱን መናገር ጀመሩ። በዓይኔ የመጣችው ልጄ ነች፣ ኤረር በር ካሮቷን ዘርግታ መልሱን የምትጠብቀው።

ካሜራው አዳራሹን ሲያቋርጥ አረንጓዴው ሻርፕ ታየ። ተወካያችን አንድ እጇን አንስታለች፣ በሌላው የሻርፗን ጫፍ ይዛለች። ቋጠሮው ይኑርበት አይኑርበት አላየሁም፣ ያላየሁትን አልጽፍም። እጇን ግን አላወረደችም። ዕድል ተሰጣት።

"ክቡር ሚኒስትር፣ የጠየቅሁት ድሬ ጠያራን ነው። ድሬዳዋን አይደለም። ክዳኑን ነው የጠየቅሁት።"

ሚኒስትሩ ፈገግ አሉ፣ ይቅርታም ጠየቁ፤ ጥፋታቸውን ማመናቸው ደስ አለኝ። ከኋላቸው የተቀመጡት አንድ ወረቀት ተቀባብለው አደረሱላቸው። ፓምፑ ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ እንዳለ፣ የቀረው የመብራት መስመሩ እንደሆነ ተናገሩ። "በሁለት ወር ውስጥ መስመሩ ተዘርግቶ ጉድጓዱ ይከፈታል። ካልሆነም ምክንያቱን ለምክር ቤቱ በጽሑፍ አቀርባለሁ" አሉ።

የዚያን ጊዜ የሻይ ቤቱን ጩኸት ላልነበረ ሰው መናገር ያስቸግራል። ድሬ ጠያራን ረግጠው የማያውቁ ነጂዎች ይተቃቀፋሉ። ልብስ ሰፊው፣ "በይ እንግዲህ ፍቺው" አለኝ። ሻሼን እንዳለ ራሴ ላይ ጠምጥሜ ወጣሁ። ያዘዘልኝን ሻይ እንኳ አልጠጣሁትም፤ እስከ ዛሬ ሻይሽ አለብኝ ይለኛል።

እስከ ኤረር በር ድረስ የሄድኩት በእግር ነው ወይስ በሌላ ነገር፣ አላስታውስም። ልጄ ካሮት ለአንዲት ሴት እየመረጠች ነበር። ፊቴን አይታ ሥራዋን አላቋረጠችም።

"ንግግሩን ተዪው" አለች።

"በሁለት ወር። ካልሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ።"

"መንደሩን በስሙ ጠርተውት ነው? ድሬ ጠያራ ብለው?"

መጀመሪያ ባቡር ጣቢያ እንደሄዱ፣ ተወካያችን እንደመለሰቻቸው ነገርኳት። ሳትፈልግ ሳቀች። ካሮቱን ሰጥታ እጇን በቀሚሷ ጠራረገች፣ በሰው ሁሉ ፊት ነው ወይ ያሉት ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ እንደሰሙ ነገርኳት። ከዚያ የራሷን ሻሽ ጫፍ ይዛ ቋጠረች። ልጄ እኮ በእኔ ቋጠሮ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትስቅብኝ የኖረች ናት።

"ሁለት ወር እቆያለሁ። አንዲት ቀን አልጨምርም" አለች።

ይሄን ስጽፍ አምስት ሳምንት ሆኗል። የመብራት ምሰሶዎቹ ከመንገዱ ተነስተው መስጊዱ ድረስ ቆመዋል፤ ሽቦ ገና የላቸውም። አንድ ሰው መጥቶ የክዳኑን ቡሎኖች ግራሶ ቀብቷቸው ሄዷል። ልጄ ያፈረሰችውን መደብ መልሳ ሠርታ የሽንኩርት ችግኝ ተክላለች፣ ለጊዜው በባልዲ ታጠጣዋለች። ጅጅጋ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። ቋጠሮዬም እዚያው ሻሼ ላይ ነው፣ አልፈታሁትም።

ትናንት መንገዱ አድክሞኝ እንደ ልማዴ ክዳኑ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ባልዲዋን ይዛ ከሩቅ ጮኸችብኝ።

"እማዬ፣ ተነሺ ከዚያ ላይ! ሰዎቹ ሊከፍቱ ቢመጡስ?"

ተነሳሁ።