ቺዙኮ ያወቀችው ድካም

ቺዙኮ ኦኩሙራ ጡረታ የወጣችው ኪዮቶ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ ለሃያ ስድስት ዓመት አይጥ ስትንከባከብ ኖራ ነው። ሳጥናቸውን ታጥብ፣ ውኃ ትቀይር፣ እያንዳንዷን አይጥ መዳፏ ላይ አድርጋ ታይ ነበር።

ከአይጦቹ መካከል ለየት ያለ ዘር ነበረ። ናጋሴ የሚባለው ወጣት ተመራማሪ አንድ ቀን ምሳ ላይ አስረዳት።

«እትዬ ቺዙኮ፣ በሽታን የሚዋጉት ቲ ሴሎች ላያቸው ላይ አንድ ተቀባይ አለ። ሲነካ ወደ ውስጥ ‹በቃ፣ ተዉ› የሚል መልእክት ይልካል። ካንሰር እሱን እየነካ ያስተኛቸዋል። እነዚህ አይጦች ግን ተቀባዩ የላቸውም።»

«ታድለው!»

«ካንሰሩንስ ይችሉታል። ግን ተዉ የሚላቸው ያጡ ሴሎች አንዳንዴ የአይጧን የራሷን ልብ ያጠቃሉ።»

እውነቱን ነበር። አንዳንዶቹ አይጦች እየሄዱ ሳለ ድንገት ቆም ይላሉ፤ ጎናቸው ቶሎ ቶሎ ይመታል። ቺዙኮ እነዚያን ለብቻ አድርጋ ታስታምማቸው ነበር።

ጡረታ በወጣች በአራተኛው ዓመት ታታሚ ምንጣፍ ሠሪውን ባሏን ኤይሳኩን የሳንባ ካንሰር ያዘው። ሐኪሞቹ ያንኑ የ«ተዉ» መልእክት የሚያግድ መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ዕጢው በግማሽ ቀነሰ።

«አይጦችሽ አዳኑኝ» አለ ኤይሳኩ። «ስንት ዓመት ሙሉ አይጥ አይጥ ትሸቻለሽ እያልኩ ስሰድብሽ!»

«እነሱን ይቅርታ ጠይቃቸው።»

ወደ ቤተ ሙከራው አቅጣጫ ዞሮ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

ከሳምንት በኋላ ገበያ ሲሄዱ ድልድዩ መኻል ላይ ቆመ። ጥቂት ተራምዶ ደግሞ ቆመ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ዳክዬዎቹን እያየሁ ነው።»

ወንዙ ላይ አንድም ዳክዬ አልነበረም። ቺዙኮ እጇን ጎኑ ላይ አሳረፈች፤ ቶሎ ቶሎ ይመታ ነበር።

«ሆስፒታል እንሂድ።»

«ቀጠሮዬ እኮ ሐሙስ ነው።»

«አሁን አልኩህ!» በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራቸው ጮኻበት አታውቅም ነበር።

ተረኛዋ ሐኪም ድካሙ ከመድኃኒቱ የሚጠበቅ ነው አለች። ቺዙኮ አንገቷን ደፋች።

«ዶክተር፣ እኔ የተማርኩ አይደለሁም። ግን እንዲህ ሲቆሙ አውቃለሁ። እባክዎ ልቡን ይዩልኝ።»

«እነማን ሲቆሙ?»

«አይጦቼ።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። መረመረችው፤ የልቡ ጡንቻ ተቆጥቶ ነበር። መድኃኒቱ ወዲያው ተቋረጠ፤ ሴሎቹን የሚያበርድ ስቴሮይድ ተሰጠው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይተርፋል ብሎ ደፍሮ የነገራት አልነበረም። ቺዙኮ እግሩን በሁለት እጇ እያሸች ከአልጋው ሥር አልተነሣችም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከሆስፒታሉ በእግሩ ወጣ።

መድኃኒቱ ዳግም አልተሰጠውም፤ ዕጢውም ሳያድግ እዚያው ባለበት ቀረ። ኤይሳኩ አሁን ሲሄድ ቀስ ይላል። ቺዙኮ እንዳያፍር ብላ ጉልበቷን ያመማት መስላ ከኋላ ትጎተታለች፤ እሱም ዞር እያለ «ነይ እንጂ አንቺ አሮጊት!» ይላታል።