ከኮንቴይነሩ ያወጣሁት ነገር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ሳስታውሰው አሁንም ከመቀመጫዬ ብድግ ያደርገኛል!

አሶሳ የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ሥራዬ የአካባቢያችንን ዝናብ አስቀድሞ የሚያሰላ ፕሮግራም ነው። በላፕቶፕ የሚሞከር አይደለም። አዲስ አበባ ባለ አንድ ማዕከል፣ ብዙ ኮምፒውተሮች ተያይዘው እንደ አንድ በሚሠሩበት ማሽን ላይ እስከ ዓርብ ማታ እንድጠቀም ተፈቀደልኝ። ዓርብ ካለፈ ወረፋው የሌላ ሰው ነው፤ የእኔም ምርቃት ለዓመት ይተላለፋል።

ፕሮግራሜን በኮንቴይነር አድርጌ መላክ ነበረብኝ። ኮንቴይነር ማለት ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ሶፍትዌር ሁሉ አብሮ የያዘ ትልቅ ፋይል ነው፤ የትም ማሽን ላይ ቢሄድ ሳይቸገር ይነሳል። የእኛን ኢንተርኔት ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል! ሁለቴ ልኬ ሁለቴም መሃል ላይ ተቋረጠ። እልህ ያዘኝና አይጠቅምም ያልኩትን ሁሉ እያወጣሁ ፋይሉን አቀለልኩት። በሦስተኛው ደረሰ። እንዴት እንደኮራሁ!

ሐሙስ ጠዋት ሳየው ሥራው ገና ጅምር ላይ ነው። በዚያ አካሄድ በሳምንትም አያልቅም። አማካሪዬ ጋ ብደውል፣ "ነግሬሽ ነበር፤ ኮንቴይነር ፍጥነት ይበላል" ብሎኝ ዘጋው።

ዓርብ ረፋድ ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። የማዕከሉ ቴክኒሻን ነው። ማንም ሳያዘው የእኔን ሥራ መንፏቀቅ አይቶ ነው የደወለው።

"እህቴ፣ ኮምፒውተሮቹ እኮ በቀርፋፋው መስመር ነው የሚነጋገሩት! በፈጣኑ የሚያገናኛቸውን ሶፍትዌር የት ጣልሽው?"

"ፋይሉ እንዲቀልልኝ ብዬ አወጣሁት" አልኩት እያፈርኩ።

ሳቀ። "አይዞሽ፣ እንደገና አትላኪ። እኛ ማሽን ላይ ያለውን ያንኑ ሶፍትዌር ከውጭ ከኮንቴይነርሽ ጋር እናገናኘው።"

አንድ መስመር ትእዛዝ በስልክ ነገረኝ፤ ጽፌ ሥራውን እንደገና አስጀመርኩት። ኧረ ጉድ ነው! በሳምንትም አያልቅም ያልኩት ሥራ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ አለቀ! ጩኸቴን ለቀቅኩት።

አከራዬ እማማ ሐዋ ከጓሮ ሮጠው መጡ። "ምን ሆነ? ሰው ሞተ?"

"አይ እማማ፣ ኮምፒውተሩ ፈጠነ!"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ፣ ምኑም ሳይገባቸው። አቅፈውኝ አብረን ዘለልን።

ተመረቅኩ። ምስጋናው ገጽ ላይ የዚያን ሰው ስም ከወላጆቼ አስቀድሜ አሰፈርኩት። እናቴ እስከዛሬ እንዳኮረፈች ናት። ታኩርፍ! የወለደችኝ እሷ ናት፤ ያስመረቀኝ ግን እሱ ነው።