ሁለት ቀይ ጋሪዎች በቡታጅራ

ሕፃን ልጅ ይዛችሁ ሰው የሚበዛበት ቦታ ገብታችሁ፣ ልጃችሁ አጠገባችሁ እያለች እንኳ ደጋግማችሁ ዞር እያላችሁ ያያችሁበት ቀን አለ? እኔ እንደዚያ ዓይነት እናት ነኝ። ባለፈው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ሁለት ሴት ልጆቼን ይዤ ከወልቂጤ ቡታጅራ ደርሼ ተመልሻለሁ። ከመነሳታችን በፊት የሚያስፈሩኝን ነገሮች አንድ በአንድ አስቤባቸው ነበር። ከነዚያ ውስጥ አንዱም አልደረሰብኝም። የደረሰብኝ ጭራሽ ያላሰብኩት ነው።

የጉዞው ምክንያት ቀላል ነበር። የአራት ዓመቷ ልጄ ሩት በጎረቤት ስልክ ላይ የሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች አየች። ፈረሶቹ ከቡታጅራ ከተማ ወጣ ብሎ በተከፈተ የልጆች መዝናኛ ውስጥ ናቸው። "ዕረፍት ሲሆን እወስድሻለሁ" አልኳት። ተማሪዎቼን ቃላችሁን ጠብቁ እያልኩ ቤቴ ውስጥ ቃሌን ማጠፍ አልቻልኩም። ባለቤቴ ለሥራ ሆሳዕና ስለነበር፣ ታላቅ እህቱ እትዬ ወለላ አብራን ልትሄድ ተስማማች። እትዬ ወለላ ወልቂጤ ገበያ ልብስ ትነግዳለች። ዝም ማለት አይሆንላትም።

ያስቸገረችኝ ትንሿ ልጄ ኤደን ናት። አንድ ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ትራመዳለች፤ ግን አሥር እርምጃ ሄዳ ዘፍ ትላለች። መዝናኛው ሰፊ ነው ስለተባልኩ፣ ጋሪ ያስፈልገናል ብዬ ወሰንኩ።

የጋሪ ምርጫ

ደብተር አውጥቼ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ወደ ታች ጋሪዎቹን፣ ወደ ጎን መመዘኛዎቹን ጻፍኩ፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ቀበቶ፣ የፀሐይ መከላከያ፣ አስተጣጠፍ። ከዚያ የቻልኩትን ሁሉ ሰፈራችን ባለው ኮብልስቶን ላይ ሞከርኩ። በኤደን ፈንታ አሥር ኪሎ ዱቄት በቀበቶ አስሬ ነው የሞከርኩት።

የመጀመሪያው ከሥራ ባልደረባዬ የተዋስኩት ነው። ዘመዷ ከዓረብ አገር የላከችላት ነው፤ ጎማው የብስክሌት ጎማ ያህላል። ኮብልስቶኑ ላይ ቅቤ እንደሚቆርጥ ቢላ ሄደ። ሲታጠፍ ግን አልጋ ያክላል። መናኸሪያ ወስጄ ለአንድ ረዳት ሳሳየው፣ "እህቴ፣ ይሄማ ለብቻው ሚኒባስ ይፈልጋል" አለኝ። ሁለተኛው ከወልቂጤ ሱቅ ያገኘሁት ቀጭን ጋሪ ነው። እንደ ጃንጥላ እጥፍ ይላል፤ በአንድ እጅ ይያዛል። ሰፈራችን ላይ ሃያ እርምጃ እንደገፋሁት የፊት ጎማው ሁለት ድንጋይ መሃል ገባና ዱቄቱ በአፍንጫው ተደፋ። የተደፋው ዱቄት ነው፤ እኔ ግን ያየሁት ኤደንን ነው። ጋሪውን በዚያው ቀን መለስኩ።

ሦስተኛው ምርጫ እዚያው መዝናኛው ውስጥ መከራየት ነበር። ደውዬ ጠየቅኩ። ፍሬን አለው፣ ቀበቶና የፀሐይ መከላከያ አለው፣ ግቢውም ለስላሳ ሲሚንቶ ነው አሉኝ። ኪራዩ ከሁለት ማኪያቶ አይበልጥም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፤ የልጅ ጋሪ የሚመረጠው ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለመሬቱ ነው። ለስላሳ መሬት ላይ ትንሽ ጎማ ይበቃል። ስለዚህ ኪራዩን መረጥኩ፤ የማጠፍ ጣጣም ስለሌለው በአምስቱም መመዘኛ ላይ ምልክት አደረግኩ።

እትዬ ወለላ ሰንጠረዡን አየችና ሳቀች።

"ቲቸር፣ እኔ ስድስት ልጅ በጀርባዬ አሳድጌያለሁ። ጀርባሽ ፍሬን አለው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

ከጠዋቱ 12:30፣ ወልቂጤ መናኸሪያ

ልጆቹን ገና ሳይነጋ፣ መብራት ስላልነበረ በጨለማ አለበስኳቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ትርጉም ይኖረዋል። ወደ አገና ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ በእኛ ስለሞላ ወዲያው ተነሳን። ጉብሬ ላይ ሰው ሲወርድ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመጽሐፍ ቦርሳቸውን አቅፈው ተሳፈሩ። ኤደን የአንዷን ጆሮ ጌጥ ያዘች። ልጅቷ ልትቀበለኝ እጇን ስትዘረጋ፣ "አመሰግናለሁ፣ ሰው አትለምድም" ብዬ ኤደንን ወደ ደረቴ ሳብኳት። እውነቱን ለመናገር፣ የማላውቀው ሰው ልጄን እንዲይዝ አልፈልግም።

አገና ላይ መኪና ቀየርን። ከዚያ መንገዱ ወደ ተራራው ይወጣል። በግራም በቀኝም እንሰት ነው፤ ከፍ እያልን ስንሄድ እንሰቱን ጉም ዋጠው። ከመስታወቱ ውጪ ነጭ ብቻ ሆነ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ቀኝህን! ቀኝህን ያዝ!" እያለ ይጮኻል። ሾፌሩ የዳር ድንጋዮቹን እየቆጠረ የሚነዳ ይመስል ነበር። ኤደን አጥብቄ ስላቀፍኳት አለቀሰች። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ቲቸር፣ ዓይንሽን ስለጨፈንሽ መንገዱ አይሰፋም" አለች እትዬ ወለላ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እኔ ግን የገደሉን ጥልቀት በልቤ እየለካሁ ነበር።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ፀሐይ ወጣች፤ ሙቀትም መጣ። በቡታጅራ ዙሪያ ያሉት የመስቃን ገበሬዎች በየደጃቸው በርበሬ አስጥተዋል። የቡታጅራ ፈረስ ጋሪዎች ደግሞ አስፋልቱን ከባጃጅ ጋር ይሻማሉ። ሩት ፈረሶቹን አይታ፣ "ደረስን? እነዚህ ናቸው?" አለች። ምሳ ቆጮ በአይብና በጎመን በላን። ሩት ቆጮውን ትታ አይቡን ብቻ ጨረሰች።

ከቀኑ 7:30፣ መዝናኛው

በሩ ላይ የኪራይ ጋሪዎቹ ተደርድረዋል። ሁሉም ቀይ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። ጀርባቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር በፀሐይና በእጥበት ለቅቆ ጠፍቷል። አንዱን መረጥኩ። ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ረገጥኩ፣ ቀበቶውን ጎተትኩ፣ ጎማዎቹን አሽከረከርኩ። ደህና ነው። ኤደን ገና ሳናስገባት እንቅልፍ ይዟት ነበር።

እትዬ ወለላ ነጠላዋን አውልቃ ጋሪውን ከላይ እስከ ታች ሸፈነችው። "ሰው ብዙ ነው። ዓይን አለ። እስክትነቃ እንዳትገልጪው።"

እኔ ሳይንስ አስተምራለሁ። ዓይን በሚባል ነገር አላምንም። ግን አልገለጥኩትም። ዙሪያዬን ሳይ እናቶች ሁሉ እንደዚያው አድርገዋል፤ በየዛፉ ሥር ቀይ ጋሪ በነጭ ነጠላ ተሸፍኗል። እንዲያውም ያምራል ብዬ ፎቶ አነሳሁ።

የሚሽከረከሩት ፈረሶች ጋ ስንደርስ አንድ ጎልማሳ ጥበቃ እጁን ዘረጋ። "ጋሪ አይገባም። እዚህ ከሌሎቹ ጋር ይቁም።" እትዬ ወለላ ጋሪውን ልትጠብቅ ቀረች፤ እኔ ሩትን ፈረስ ላይ አስቀምጬ አጠገቧ ቆምኩ። መጀመሪያ ስንዞር እትዬ ወለላንና ጋሪውን አየኋቸው። ሁለተኛም አየኋቸው። በሦስተኛው ዙር እትዬ ወለላ ጀርባዋን ሰጥታ ከአንዲት የድሮ ደንበኛዋ ጋር ትሳሳማለች። ያኔ ያላየሁት ነገር ቢኖር ፀሐይ ጋሪዎቹ ላይ ስለደረሰች ጥበቃው ለልጆቹ አዝኖ አንድ በአንድ ወደ ዛፉ ጥላ ማዛወሩ ነው። ሲያዛውር ተራቸው ተቀየረ።

ወርደን መጣን። የኛን ከዳር አቁመነው ስለነበር፣ ከዳር የቆመውን ጋሪ ፍሬኑን ለቅቄ መግፋት ጀመርኩ። እትዬ ወለላ ደንበኛዋን ተሰናብታ ተከተለችን። "ቀስ በይ፣ እንዳትቀሰቅሻት" አለችኝ።

ግቢውን ዳር እስከ ዳር አቋርጠን ወደ ትንሿ ባቡር ሄድን። ጎማው ሲሚንቶው ላይ ድምፅ የለውም። ምርጫዬ ትክክል ነበር እያልኩ በልቤ ኮራሁ። ሩት ከጎን የጋሪውን ብረት ይዛ ትሄዳለች።

"እማ፣ የኤዱ ካልሲ የት ሄደ?"

"እግሯ ላይ ነው፣ የኔ ቆንጆ።"

"አይደለም። ይሄ ሰማያዊ ነው።"

ወደ ታች አየሁ። ከነጠላው ሥር አንዲት ትንሽ እግር ወጥታለች። ነጠላውን ገለጥኩ። አፉን ከፍቶ የተኛ ወንድ ልጅ ነበር።

የሆንኩትን በትክክል ልግለጽ ብል ይቸግረኛል። የግቢው ሙዚቃ ጠፋብኝ። ባቡሯ ትሄዳለች፣ ልጆች አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ግን ምንም አይሰማኝም። እጄ ነጠላውን እንደያዘ ቀረ።

"ወይኔ! የማን ልጅ ነው ያመጣሽው?" አለች እትዬ ወለላ። የሰማሁት የመጀመሪያ ድምፅ ያ ነው።

ጋሪውን ጥዬ ልሮጥ አልኩ፤ ግን የሰው ልጅ ውስጡ አለ። ስለዚህ ከነጋሪው ሮጥኩ። እትዬ ወለላ ሩትን አዝላ ከኋላዬ ትሮጣለች። የልጄን ስም እየጠራሁ ነበር፤ አሥር እርምጃ የምትራመድ ልጅ ስሟን ብትሰማስ ወዴት ትመጣለች?

ሌሎቹ በየባለቤታቸው ተወስደው፣ ዛፉ ሥር አንድ ቀይ ጋሪ ብቻ ቆሟል። ባዶ ነው። ቀበቶው ተፈትቷል። ነጠላውም የለም።

ጥበቃው እጄን ያዘኝ። "ተረጋጊ፣ እህቴ። ሴት ናት ወንድ?"

"ሴት።"

"ምን ለብሳለች?"

አፌን ከፈትኩ። የጠዋቱ ጨለማ ብቻ መጣልኝ። ቀሚስ ነው ሱሪ? ነጭ ነው ሮዝ? "አላውቅም" አልኩት። የጋሪውን የጎማ ስፋት ቢጠይቀኝ ኖሮ በሴንቲሜትር እነግረው ነበር።

ከእትዬ ወለላ ጀርባ ላይ ሩት ጮኸች። "ቢጫ ካልሲ! ጥንቸል ያለው! አንዱ ጥንቸል ጆሮ የለውም!"

ወዲያው ከበሩ አቅጣጫ ሌላ ጩኸት መጣ። "ያውና ልጄ! ያዙልኝ! ሌባ!" አንዲት ወጣት ሴት ሰው እየገፋች ትሮጣለች። በአንድ አፍታ ሰው ከበበን። አንድ ሰው ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ሴትየዋ የጋሪውን እጀታ ነጠቀችኝ። "ልጄን ወዴት ልትወስጂው ነበር? ንገሪኝ! ወዴት?" ልጁ ነቅቶ አለቀሰ። ሌባ ነሽ መባሉ አልነበረም ያስፈራኝ፤ እዚህ ይዘውኝ ሲከራከሩ ኤደን የበለጠ ትርቃለች የሚለው ነው።

ሴትየዋ ልጇን ልታነሳ ጎንበስ አለች። ያኔ ጀርባዋን አየሁ። በነጭ ነጠላ የታዘለች ትንሽ ራስ አለች። ከወገቧ በኩል ቢጫ ካልሲ ወጥቷል። ሴትየዋ እየጮኸችብኝ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ግራ እጇ ወደ ኋላ ዞሮ ልጄን ቸብ ቸብ ያደርግ ነበር። ስትሮጥም እንደዚያው ስታደርግ ነበር የመጣችው።

"ጀርባሽ ላይ ያለችው..." አልኩ ካልሲውን እያሳየሁ።

ጩኸቷ ቆመ። እጇ ብቻ አላቆመም።

ጥበቃው ጠጋ ብሎ ቢጫውን እግር በሁለት ጣቱ ያዘ። እንደ መታወቂያ አገላብጦ ተመለከተው። "ጆሮ የለውም" አለ ኮስተር ብሎ። ክንዴን የያዘኝ ሰው ለቀቀኝ።

ሴትየዋ ወይንሸት ትባላለች። ከመስቃን ገጠር ልጇን ልታዝናና የመጣች ናት። "ነጠላውን ስገልጥ የሰው ልጅ ሆና አገኘኋት" አለች፤ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። "ስጮህ ነቃችና አለቀሰች። እያለቀሰች ጥያት እንዴት ልሂድ? አዘልኳትና የኔን ፍለጋ ሮጥኩ። ሌባ ስላልኩሽ ይቅር በይኝ።"

"የወሰድኩት እኮ እኔ ነኝ" አልኳት።

ኤደንን ስትሰጠኝ ኤደን መጀመሪያ የሷን ትከሻ ጨብጣ አልለቅም አለች። ከዚያ አንገቴ ሥር ገባች። ላብ ላብ ትላለች፤ ትሞቃለች። እትዬ ወለላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጀርባዬን የሰጠሁት እኔ ነኝ" እያለች አለቀሰች። ቀና ስትል ግን አላስቻላትም። ወይንሸትን፣ "አንቺስ ብልህ ነሽ፤ መያዣ ይዘሽ ነው የመጣሽው!" አለቻት። ሁላችንም እያለቀስን ሳቅን።

ከመለያየታችን በፊት እትዬ ወለላ አረንጓዴ ሻሿን ፈታ የጋሪያችን እጀታ ላይ አሰረችው። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ሻሽ ያሰረ ጋሪ የኛ ብቻ ነበር።

መመለስ

አዳራችን የእትዬ ወለላ ዘመዶች ጋ ሆነ። በማግስቱ ተራራው ላይ ጉም አልነበረም። ትናንት ያላየሁት ገደል ወለል ብሎ ታየኝ፤ ከገመትኩት በላይ ጥልቅ ነው። ፈራሁ። ግን ዓይኔን አልጨፈንኩም። እስከ አገና ድረስ የኤደንን እግር በእጄ ይዤ ነበር። አንዲት አሮጊት ከጎኔ ተቀምጠው፣ "እስቲ ልቀበልሽ፣ ደክሞሻል" ሲሉኝ፣ ለአፍታ አመነታሁና ሰጠኋቸው። የካልሲዋን ቀለም ግን በልቤ እየደገምኩ ነው የሰጠኋቸው።

ወልቂጤ ስንገባ መጀመሪያ ደብተሬን አወጣሁ። ከአምስቱ መመዘኛዎች ፊት አንድ መመዘኛ ጨመርኩ፤ መለያ ምልክት። ጥሩ ጎማና ጥሩ ፍሬን ልጄን ከመውደቅ ያድኗታል። ከኔ ጥድፊያ ግን አያድኗትም። ስፈራ የኖርኩት የማላውቀውን ሰው ነበር፤ የሰው ልጅ ይዤ የሄድኩት ግን እኔው ራሴ ነኝ፤ የኔን ልጅ ያባበለቻት ደግሞ የማላውቃት ሴት ናት።

እናንተም አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ይህን ስታነቡ ልጃችሁ ሌላ ክፍል ወይም ደጅ ካለ፣ ገና አትነሱ። ዛሬ ምን እንደለበሰ፣ ካልሲው ምን ቀለም እንደሆነ በወረቀት ጻፉ። ከዚያ ሄዳችሁ እዩ።