የመርሳው አስጫኝና የዙልፋ ስክሪን

አብዱልጀሊል መርሳ ባለው የማንጎ መጋዘን አስጫኝ ነው። ሾፌሩ ሁሉ፣ ከደሴ ይምጣ ከወልድያ፣ ገና ሲደርስ «አብዱልጀሊል የታለ?» ነበር የሚለው። እሱም ማንጎውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ፣ አሽትቶ፣ «ይሄ ይጫን» ካለ አለቀ። ኩራቱ ደግሞ አይጣል ነው፤ አረማመዱን ላየ ሰው መጋዘኑን ከአባቱ የወረሰ ይመስል ነበር።

ከዚያ ዙልፋ መጣች። ዙልፋ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀጠረች የሐራ ልጅ ናት። እያንዳንዱ የማንጎ ቁልል ስክሪኑ ላይ የራሱ ምልክት አለው፤ አረንጓዴ ከሆነ ይጫናል፣ ቀይ ከሆነ ለሌላ ነጋዴ ተሽጧልና አይነካም። እሷ አንዴ ገልመጥ አድርጋ ትናገራለች። ሾፌሮቹም ቀስ በቀስ ወደ እሷ ዞሩ። «ዙልፋ፣ የኔ የቱ ነው?» ሲሏት አብዱልጀሊል እርር ድብን ይላል። ሳቋ ያናድደዋል። ወንበሯ ያናድደዋል። እሱ ስንት ዘመን ቆሞ በሠራበት ቤት ለእሷ ወንበር አምጥተው ሰጧት እኮ።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ለአብዱልጀሊል ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ዓይነት ጭቃ ነው። ልጅ ሳለ የቀላውን ቲማቲም ልቀም ቢሉት ጥሬውን ሰብስቦ ገብቶ መንደሩ ሲስቅበት ከርሟል። ከዚያ ወዲህ ለሚስቱ ለከድጃ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

አንድ ቀን ዙልፋ ለቅሶ ልትደርስ ሐራ ሄደች። ባለመጋዘኑ አቶ ወርቁ «ዛሬ ስክሪኑን እያየህ አንተ አስጭን» አሉት። አልችልም ማለት ነበረበት። ግን እሷ የምትችለውን እኔ አልችልም ሊል ነው? ወንበሯ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ዙልፋ አረንጓዴውን ሁልጊዜ ከላይ ስታነብ አይቷልና ከላይ ያሉትን አስጫነ። የዚያን ቀን ከላይ የነበሩት ቀዮቹ ናቸው። ዙልፋ ከሰዓት ስትመለስ መኪናውን በር ላይ አስቆመችው፤ ማንጎው በሾፌሮቹ ፊት ተራገፈ።

ዙልፋ አልጮኸችበትም። ወደ ጥግ ወስዳ «አያ አብዱልጀሊል፣ ቀለሙ አይለይልዎትም እንዴ?» አለችው። ክው አለ። «በአላህ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» አላት። «ወላሂ አልናገርም» አለች።

ለአቶ ወርቁ «ጥፋቱ የስክሪኑ ነው፤ በቀለም ብቻ አይሠራም» ብላ ፕሮግራሙን የሠራውን በረከትን ከወልድያ አስጠራች። በረከትም በአረንጓዴው ላይ «ይጫን» የሚል ቃልና ቀስት፣ በቀዩ ላይ «ተሽጧል» የሚል ቃልና የኤክስ ምልክት አስገባ። አብዱልጀሊል አየው፤ ሁሉንም አነበበው። ሆዱ ቅቤ ጠጣ።

ደስታው አልቆየም። አቶ ወርቁ ሠራተኛውንም ሾፌሩንም ሰብስበው «ይሄ የዙልፋ ሐሳብ ነው» አሉ። ተጨበጨበላት። አንዱ ሾፌር «እኔም ፀሐይ ሲያርፍበት ቀለሙ ይጠፋብኝ ነበር፣ ተባረኪ» አላት። ዙልፋ አብዱልጀሊልን አየችው፤ ቃሏን ጠብቃ ዝም አለች። ዝምታዋ ይብስ አንገበገበው። ሾፌሮቹን ወሰደች፣ ወንበሩን ያዘች፣ አሁን ደግሞ ይሄን?

«ኧረ የእሷ አይደለም» አለ ሳያስበው። ሁሉም ዞሮ አየው። «የእኔ ነው። ቀይና አረንጓዴ የማይለይልኝ እኔ ነኝ። ለእኔ ተብሎ ነው የተሠራው።»

ዕድሜ ልኩን የደበቀውን ገመና፣ ዙልፋ እንዳትወስድበት ብሎ በራሱ አፍ አወጣው። ከዚያ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌላውም ተከተለ። አብዱልጀሊል ደረቱን ነፍቶ ማን እንደጀመረው ለማየት ዞረ።

ዙልፋ ነበረች። ያቺን ጭብጨባ እስከ ዛሬ ይቅር አላላትም።