መፋቂያው አይዋሽም

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ እዚሁ ጎንደር ማራኪ በሚባለው ሰፈር ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ እጇ ግን የረጋ ነው። ትንሿን መስታወት ከታች የፊት ጥርሶቼ ኋላ አስገብታ ብዙ ቆየች። በቀጭን ብረት የድዴን ጠርዝ ዳር ዳሩን ለካች፤ ቁጥሩን ለረዳቷ ነገረች። በመጨረሻ ጭንብሏን ዝቅ አደረገች።

«እማማ፣ እነዚህ ሁለት ጥርሶች እኮ የያዛቸው አጥንት ግማሹ የለም። የቆየ ሕመም ነው፤ አሁን ድድዎ ደኅና ነው። እስካሁን መቆማቸው ነው የገረመኝ። ማን ነበር ያከመዎት?»

«አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ጡረተኛ ድሬሰርና እኔ» አልኋት።

ሳቀች። የቀለድሁ መሰላት።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑም የደርግ። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን አቁሜ፣ ጎንደር ገበያው ዳር በነበረችው በረንዳችን ከአባቴ ጋር ልብስ እሰፋ ነበር። አባቴን ሰዉ ሁሉ አያ ደስታ ይለዋል። እናቴ ቀድማ ስላረፈች ቤታችን ውስጥ የነበርነው እሱ፣ እኔና የስፌት ማኪናዋ ነን። ማኪናዋን ከሰው የቆጠርኋት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አባቴ ጠዋት ጠዋት ዘይት ሲያጠጣት «ጠጭ፣ ዛሬ ብዙ መንገድ አለብሽ» ይላት ነበር።

እሱ በማኪና ይሰፋል፤ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ የተረፈውን ክር በጥርሴ እበጥሳለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ልኬት በምንጽፍበት ወረቀት ጀርባ ግጥም እሞክራለሁ። ያስተማረኝ የለም። የለቅሶ ቤቱን ሙሾ፣ የሠርግ ቤቱን ዘፈን፣ ስኳር የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ እየለቃቀምሁ ነው የተማርሁት። አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ፣ ዐይኔ የማያርፍ ልጅ ነበርሁ። የሰው ሱሪ የሳሳበትን ጉልበት አይቼ ባለቤቱ ሲጸልይ በየትኛው እንደሚንበረከክ እናገራለሁ። ይህ ሁሉን የሚያይ ዐይኔ ያላየው የራሴን አፍ ነበር።

ድዴ መድማት የጀመረው በነሐሴ ነው፤ ዝናቡ በበረንዳችን ቆርቆሮ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የማያባራበት ወር። አንድ ማለዳ ስፍቅ መፋቂያዬ ላይ ደም አየሁ። ከዚያ የሠራሁት ስሕተት የሰፈሩ ሁሉ ስሕተት ነበር። የቆሰለ ነገር እስኪሽር አይነካም አሉኝና መፋቅ ተውሁ። ቆሎውን ትቼ በሶ በጠበጥሁ፤ እንጀራውን በሽሮ አርሼ ዋጥሁ። በመስከረም ድዴ አብጦ ቀላ። በጥቅምት ሁለቱ የታች የፊት ጥርሶቼ በምላሴ ስነካቸው ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመሩ። ትንፋሼም ከፋ። ሰው ሲያናግረኝ አፌን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች ምስክር ወረቀት ሲቀበሉ ግጥም እንዳነብ ተነግሮኝ ነበር። በሕዝብ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ መቆሜ ነው፤ በነጠላ የተሸፈነ አፍ ደግሞ ግጥም አያነብም።

አባቴ ሆስፒታል ወሰደኝ። የጥርስ ክፍሉ ባለሙያ ጥርሴ ሥር የጋገረውን ድንጋይ መሰል ቆሻሻ በመስታወት አሳየኝ።

«ይኸ በመሣሪያ መጠረግ አለበት። በአንድ ቀን አይሆንም፣ ትመላለሻለሽ። ከቆየ ግን ጥርሶቹ ራሳቸው ይወልቃሉ፤ ያን ጊዜ ሰው ሠራሽ ማስተከል ነው። ለሱም አዲስ አበባ መሄድ አለብሽ።»

የጠረጋውንም የማስተከሉንም ክፍያ ሲነግረን አባቴ ባርኔጣውን አወለቀና መልሶ አደረገው። በረንዳው ስንደርስ የማኪናዋን መዘውር በመዳፉ ቀስ አድርጎ አዞረው።

«ይችን የሚፈልግ ሰው አዘዞ አለ» አለ።

«ምነው አባባ! እሷ ከሄደች ምን ልንበላ ነው?»

«አንችስ ጥርስሽ ከሄደ በምን ልትበይ ነው?»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ወዲያው ከሰመ። በመጨረሻ ተስማማን። እስከ ጥምቀት ይጠብቀኛል። እስከዚያ ጥርሶቼ ካልጠኑ ማኪናዋ ትሸጣለች።

ወሬው ዳባት ያለችው አክስቴ ጥሩነሽ ጆሮ ገባ። በሳምንቱ መጣች፤ ነቃሽ ሴትም ይዛ። በኛ አገር ሴት ድዷን የምትነቀሰው ለውበት ነው፤ ነጭ ጥርስ በጥቁር ድድ ላይ ሸጋ ነው ይባላል። ግን ሲደማም ይነቀሳል፤ ንቅሳት ድድን ያጠነክራል ተብሎ ይታመናል።

«የከተማ ሐኪም መንቀል እንጂ ምን ያውቃል!» አለች አክስቴ። «እኔ በዐሥራ አምስት ዓመቴ ተነቅሼ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አጥንት እሰብራለሁ።»

«አጥንቱን ከየት አግኝተሽ?» አላት አባቴ።

ነቃሿ የኩራዝ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ለወሰች፤ መርፌዎቿን በክር አንድ ላይ አሰረች። አክስቴ ራሴን በጉልበቶቿ መካከል ይዛ «አይዞሽ የኔ ጀግና» ትለኛለች። እኔ ሕመሙን ለመርሳት ስንኝ እቆጥር ነበር። ስንት እንደ ደረስሁ አላስታውስም፤ አለማልቀሴን ግን አስታውሳለሁ።

እብጠቱ ሲጎድል ድዴ ጥቁር ወይን መሰለ። መስታወት ሳይ ቅላት የለም። ጎረቤት ሁሉ አፍሽን ክፈች እያለ አደነቀ። አክስቴ እንደ ድል አድራጊ ወደ ዳባት ተመለሰች። እኔም ዳንሁ ብዬ አመንሁ፤ ጥርሶቼ አሁንም ሲነቃነቁ ጊዜ ይፈልጋሉ አልሁ።

በኅዳር መግቢያ አያ ካሴ የሚባሉ ሽማግሌ አሮጌ ካፖርታቸውን አስገልብጠው ሊያሰፉ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁስለኛ ወታደር ሲያክሙ የኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ነበሩ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው እኔን ያዩኛል።

«አንች ልጅ፣ ከተቀመጥሁ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደ በጠስሽ ታውቂያለሽ?»

«ምኑን?»

«ክሩን። ሃያ ሰባት ጊዜ። እስቲ ያን ነጭ ክር አምጭው። ጫፉ ምነው ቀላ?»

አየሁት። እውነትም ቀልቷል። አያ ካሴ ከኪሳቸው አዲስ የወይራ መፋቂያ አወጡ፣ ጫፉን በሰንጢ ላጡና ሰጡኝ። «ድድሽን ቀስ አድርገሽ ዳሰስ አድርጊበት።» ሳወጣው ነጩ ጫፍ በርበሬ የነካው መስሏል።

«አየሽ፣ ጥቁር ድድ ደም አያሳይም። መፋቂያው ግን ነጭ ነው፤ አይዋሽም። ተነቅሰሽ ሸፈንሽው እንጂ አላዳንሽውም።»

ተናደድሁ። «ስነካው እኮ ነው የሚደማ! ካልነካሁት ምንም አይል።»

«ስለማትነኪው ነው የሚደማ!» አሉ፤ ድምፃቸው ጦር ሜዳ ያለ ይመስል ነበር። ከዚያ ዝግ ብለው አስተማሩኝ። መፋቂያውን ውኃ ውስጥ አሳድሪው፤ ጫፉን እንደ ጥጥ እስኪለሰልስ አኝኪው፤ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ አትገዝግዥ፤ ከድድሽ ወደ ጥርስሽ ጫፍ፣ የሕፃን ፊት እንደምትጠርጊ ጥረጊ፤ የውስጡንም እንዳትረሽ፤ ጠዋትና ከራት በኋላ ለብ ባለ የጨው ውኃ ተጉመጥመጭ። «መጀመሪያ ይደማል። ፈርተሽ እንዳትተይ። ድንጋዩን ግን አንችም እኔም አንችለውም፤ እሱ የሆስፒታሉ ሥራ ነው። የቤትሽን አንች ያዥ፣ የነሱን ለነሱ ስጭ። ደግሞ ያ ክር! የላላ ጥርስ በቀን መቶ ጊዜ እየጎተትሽ ምኑ ይጠናልሻል? በመቀስ ቁረጭ።»

ይህን ጊዜ አባቴ ማኪናዋን አቆመ። ልብስ ሰፊ መቀሱ ሲነካበት ሚስቱ እንደ ተነካችበት ነው።

«መቀስ የጨርቅ ነው። አባቴም አያቴም ክር በጥርስ ነው የበጠሱ። ክር የለመደ መቀስ ጨርቅ ያኝካል።»

«መቀሱ እንዳያኝክ ልጅህ ማኘክ ትተው አያ ደስታ?» አሉት አያ ካሴ።

አባቴ ፊቱን ወደ ማኪናዋ መልሶ፣ ባዶ ጨርቅ ላይ ረጅም መስመር ሰፋ።

በማግሥቱ ግማሽ ምላጭ እንጨት ላይ ሰክቼ ክሬን በሱ መቁረጥ ጀመርሁ። አባቴ እንዳላየ ሆነ። መፋቂያዎቼን ደግሞ አልጋዬ በላይ ካለው የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ በተራ ሰካኋቸው፤ ለየቀኑ አንድ፣ ጫፋቸው ወደ ውጭ። የመጀመሪያው ሳምንት ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር። አንድ ጠዋት ተስፋ ቆረጥሁና መፋቂያውን ወርውሬ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወረቀት አነሣሁና ጻፍሁ፦

ድዴን ብነቀሰው ጠቆረ እንጂ መች ዳነ፣
ደሙን የነገረኝ መፋቂያዬ ሆነ።

ስንኙ እውነት ከሆነ መፋቂያውን መወርወር የነገረኝን መደብደብ ነው አልሁ። ተነሥቼ ከወደቀበት ፈለግሁት፣ አጠብሁት፣ ፋቅሁ። በኅዳር መጨረሻ ጫፎቹ ወደ ሮዝ አደሉ። በታኅሣሥ አንድ ነጭ መጣ፤ ተከታዩ እንደገና ቀላ፤ ከዚያ ሁለት ነጭ በተከታታይ። እንደዚያ ግድግዳ ደጋግሜ ያነበብሁት ጽሑፍ የለም።

ለድንጋዩ ማስጠረጊያ ግን ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ ከአባቴ መሳቢያ ላለመንካት ምያለሁ። ያኔ ልጆቻቸው ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰዱባቸው እናቶች ብዙ ነበሩ፤ ደብዳቤ አንባቢና ጸሐፊ ይፈልጋሉ። እኔ የማንኛቸውንም ደብዳቤ በሁለት ስንኝ እጀምር ነበር፤ ስንኙም እናትየዋ ከነገረችኝ ነገር የወጣ ነው፤ ልጁ ትቶት ስለሄደው ጥጃ፣ ስለሚወደው የሽምብራ እሸት። ከጠዳ የመጣች አንዲት እናት የልጇን መልስ ይዛልኝ መጣች። «ያችን የጥጃዋን አንብቤ ለጓደኞቼም አነበብሁላቸው» ይላል። እንቁላል የሚያመጣ አለ፣ ሽምብራ የሚያመጣ አለ፣ ሳንቲም የሚሰጥ አለ። እንቁላሉን ሸጥሁ። በዚያ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አስጠረግሁ። ሌላ ሰው በግጥሙ ምን እንደ ገዛ አላውቅም፤ እኔ ጥርሴን ገዝቻለሁ።

ለጥምቀት አንድ ሳምንት ሲቀር የመጨረሻውን ጠረጋ ሄድሁ። ባለሙያው ሲጨርስ ሁለቱን ጥርሶች በጣቱ ገፋ አደረጋቸው፤ እንደገና ገፋ።

«እነዚህ እኮ ይዘዋል። ቤት ምን ስታደርጊ ነበር?»

ነገርሁት። ሰማኝና «እሱን አትተይ፤ በየስድስት ወሩም ተመለሽ» አለኝ።

ከሆስፒታሉ እስከ በረንዳችን ያለው መንገድ ያን ቀን ዳገት እንዳለው አላወቅሁም። አባቴ ሲያየኝ እግሩን ከፔዳሉ አነሣ፤ መጠየቅ ግን አልደፈረም።

«ማኪናዋን ዘይት አጠጣት» አልሁት። «ገና ብዙ መንገድ አለባት።»

ዘይቱን ሲያፈስ ዐይኑ እኔ ላይ ስለነበር ግማሹ ጨርቅ ላይ ፈሰሰ።

በጥምቀት ማግሥት ከገበያ ሲመለስ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ አኖረ። የጣት ያህል ትንሽ መቀስ ናት። ቀለበቷ ውስጥ ጥቁር ማተብ የመሰለ ክር አሳልፎ አንገቴ ላይ አጠለቃት።

«የክር ናት» አለኝ ሌላ ሌላ እያየ። «ጨርቅ እንዳትነኪባት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ክር በጥርስ አልተበጠሰም፤ እሱም ራሱ ሲቸግረው «አምጫት እስቲ» ይለኝ ነበር።

ግጥሙን በቀበሌው አዳራሽ ያነበብሁት በወሩ መጨረሻ ነው። ካድሬው አስቀድሞ ወረቀቴን ተቀብሎ ገላበጠና «ጓድ፣ ይህ ሁሉ ስለ ጥርስ ነው። አብዮቱ የት አለ?» አለኝ።

«ጓድ፣ ጥርስ የሌለው ሕዝብ መፈክሩ ይሰማል?»

አየኝ፤ ሊቆጣም ሊስቅም ቃጣው። ሳቁ አሸነፈና አሳለፈኝ። መድረክ ላይ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ አፌን ከፍቼ አነበብሁ። አያ ካሴ የተገለበጠ ካፖርታቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል፤ አባቴ አጠገባቸው። አክስቴ ጥሩነሽም መጥታ ነበር። ጭብጨባው ሳያልቅ ለጎረቤቷ «አየሽ፣ እኔ ያስነቀስኋት ናት!» ስትል ሰማኋት። እስክትሞት ድረስ ያዳንኋት እኔ ነኝ እንዳለች ኖረች። አልነጠቅኋትም፤ ራሴን በጉልበቶቿ ይዛ አይዞሽ ያለችኝ እሷ ናት።

ሐኪሟ ይህን ሁሉ አልሰማችም፤ ወረፋው ረጅም ነበር። ብቻ ስንወጣ «ድድዎ ግን ያምራል» አለችኝ። አውቃለሁ አልኋት።

ቤት ስንገባ የልጅ ልጄ የሹራቧ ቁልፍ ላልቶ አየሁና ተከልሁላት። ጨርሼ ክሩን ስቋጥር፣ ልትረዳኝ ጎንበስ ብላ ክሩን በጥርሷ ያዘችው።

«ተይ!» ብዬ ጮኽሁ። ልጅቱ ደንግጣ ቀና አለች።

ከደረቴ ትንሿን መቀስ አወጣኋት። በመሳል ብዛት ስለቷ እንደ ቅጠል ሳስቷል፤ ክሩን ግን በአንድ ጊዜ በጠሰችው። ልጅቱ ተቀብላ አገላበጠቻት፤ ከዚያ ልትሞክራት ብላ የሹራቧን እጅጌ ጫፍ ያዘች።

«ጨርቅ እንዳትነኪባት» አልኋት።