የሂሊው ክብ ድንጋይ

አል ዓይን የሄድነው እኔን ለማናፈስ ነበር። ልጄ አውሮፕላን መሥሪያ ቤት ትሠራለች። አቡ ዳቢ አምጥታ አል ራሐ ቢች ፎቅ ላይ እንደ ዕቃ ካስቀመጠችኝ ወዲህ፣ አልፎ አልፎ አቧራዬን ታራግፋለች። የዚያን ዕለት እዚያው ሕንፃ ላይ ሞግዚት የሆነች የወሎ ልጅ አብራን መጣች፤ የዕረፍት ቀኗ ነበር። አንገቷ ላይ ያበጠውን እንቅርት በሻርፕ ትሸፍነዋለች። ማዳሟ ሐኪም ቤት ወስዳት ቀዶ ጥገና ተቀጥሮላታል። እሷ ግን ቢላዋውን ፈርታለች።

ሂሊ በሚባለው መናፈሻ፣ ሣሩ መሀል፣ ክብ የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል። በሩ ጠባብ ነው። ከበሩ በላይ ሁለት ሰዎች ተያይዘው ተቀርጸዋል፤ ግራና ቀኝ ቀንዳም እንስሳት ቆመውላቸዋል። ልጅቱ ገና ስታየው ሻርፗን እንደ ነጠላ አጣፍታ ጫማዋን አወለቀች።

"ማርያምና ኤልሳቤጥ ሲሳለሙ!"

እኔም አወለቅሁ። ሽማግሌ ሰው ተቀድሞ ቆሞ ይያት? ደግሞ እግሬ እንደ አገራችን ቤተ ክርስቲያን ክብ የሆነ ነገር ሲያይ ጭንቅላቴን አያማክርም፤ ያማከረበትም ጊዜ ትዝ አይለኝም። ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ቅድስት ኤልሳቤጥ አይታው ከሆነ ይቅር ትበለኝ።

ልጄ ሰሌዳውን አነበበች። "አባዬ፣ መቃብር ነው! ክርስቶስ ከመወለዱ በጣም በፊት የተሠራ። የጥንት ሰዎች እዚህ መንደር ነበራቸው፣ ከዚያ ጥለውት ሄዱ። ፕሊስ ጫማህን አድርግ፣ ሰው እያየን ነው።"

ልጅቱ ግን ተንበርክካለች። ከድንጋዩ ሥር አፈር በጣቷ ነክታ አንገቷን ቀባች።

"አባባ፣ ከእንግዲህ ሐኪም ቤት ኸላስ። እዚህ ያደረሰችኝ እመቤቴ ናት።"

"አንቺ ልጅ፣ መቃብር ነው እኮ። የማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።"

"የሰው አጥንት የሌለበት ቤተ ክርስቲያን እርስዎ የት አይተዋል?"

እኔ በተወለድኩበት አገር ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው ማን እንደጠረባቸው በማይታወቅ ድንጋዮች መሀል ነው። ጥንት ከተማ ነበር ይባላል። ሰዎቹ የት እንደገቡ፣ ምን ያመልኩ እንደነበር የሚያውቅ የለም። እናቶቻችን ግን ወገባቸውን ሲያማቸው ድንጋዮቹን ይደገፉ ነበር፤ ቄሱም አይከለክሉም ነበር። ሰው ለቅቆት የሄደ ቦታ ባዶውን አይቀርም፤ በኋላ የመጣው የራሱን ፍርሃት ይዞ ይገባበታል። አሁን ስጽፈው ብልህ ያስመስለኛል። ያን ጊዜ ግን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እብጠቱ ቢያድግ ትንፋሽ ያሳጣታል።

ስለዚህ ተንኮሌን አወጣሁ።

"ተሳይ" አልኳት። "ቀዶ ጥገናው በሰላም ካለቀልኝ በዪ።"

"ቀዶ ጥገና ካለ ስለቱ ምን ያደርጋል?"

"የሐኪሙስ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ማን ይያዝለት?"

ትክ ብላ አየችኝ። "እርስዎ ግን ያምናሉ?"

"ጫማዬን አውልቄ የቆምኩት ለጤናዬ መሰለሽ?"

ይህ መልስ አልነበረም፤ እሷ ግን እንደ መልስ ወሰደችው። ተሳለች። ስንመለስ ልጄ መኪናዋን እየነዳች "ሼም ነው፣ አባዬ" አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችኝም።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዕጢው ስለወጣ ዕድሜ ልኳን በየማለዳው ክኒን እንድትውጥ ታዘዘ። እሷ ደግሞ "ድኛለሁ፤ ከዳንኩ በኋላ መድኃኒት መዋጥ እመቤቴን መጠራጠር ነው" ትላለች። ድንጋዩን ያከበርኩላት እኔ፣ አሁን በየትኛው አፌ ድንጋይ ብቻ ነው ልበላት? ለመንኳት፤ ተቆጣኋት፤ ክኒኑንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው ብዬ እንደ ቄስ ሰበክሁ። ለስብከት የሚሆን ፊት እንደሌለኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

የማዳምን በር አንኳኩቼ መግባት ስለማልችል፣ አሁን ጠዋት ጠዋት እደውልላታለሁ።

"ዋጥሽ?"

"ዋጥኩ፣ አባባ።"

"እኔ እየሰማሁ ዋጪ።"

ትስቅብኛለች። ከኋላዋ የማዳም ልጆች ይጮኻሉ። ብርጭቆ ሲነሳ እሰማለሁ፤ ውሃ ሲወርድ እሰማለሁ። ክኒኑ አብሮ ይውረድ አይውረድ ግን ስልክ አያሳይም።