ከካላንደሩ ጀርባ የነበረው ዘር

ጓሮ ያለው ጎረቤት ሁሉ ምን ዓይነት ቲማቲም ልትከል እያለ እኔን ይጠይቃል። ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ውስጥ ሳላመለክት የቲማቲም አዋቂ ሆኜ ተሹሜአለሁ። ያጠፋሁትን ቢያውቁ አንድ ፍሬ አያስነኩኝም ነበር።

እናቴ ከቤታችን ጀርባ፣ በውሃ ታንከሩና በአጥሩ መሀል ባለችው ቁራጭ መሬት የራሷን ቲማቲም ትተክል ነበር። ፍሬው ትንሽ፣ የተሸበሸበ፣ ዝናብ ሲነካው የሚሰነጠቅ ነው። ለዓይን አይማርክም። ሲቆረጥ ግን ሽታው ከጓዳ ሳሎን ይደርሳል። በየዓመቱ ዝናቡንም ብርዱንም ችሎ የቆመውን አንድ ተክል ትመርጥና ቀይ ክር ታስርበታለች። ከዚያ ተክል መብላት ክልክል ነው። ፍሬው ከመጠን በላይ ሲበስል ታፈርጠውና ዘሩን በአመድ አሽታ፣ የግድግዳ ካላንደሩን ገልብጣ ጀርባው ላይ ትለጥፈዋለች። ሲደርቅ መልሳ ትሰቅለዋለች። እዚያ አይጥ አይደርስበትም ትላለች። መስከረም ሲጠባ እየፋቀች ትዘራለች።

እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ። አንድ ዓመት ከሱቅ ምርጥ ዘር ገዝቼ ከእሷ መደብ አጠገብ ተከልኩ። የእኔው ተንዠረገገ፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ቀይ፣ ሳምንት ቢቀመጥ የማይበላሽ። ጎረቤት እየመጣ አደነቀ። እናቴ አንዱን በጨው ቀመሰችና «መልኩስ ጥሩ ነው» ብላ ተወችው። ያቺ «መልኩስ» አንጀቴን አሳረረችው።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ አዲሱን ካላንደር ልሰቅል አሮጌውን አወረድኩ። ዘሩ ጀርባው ላይ እንደተለጠፈ ነበር። አላየሁም ብል ውሸት ነው፤ አይቻለሁ። ጠቅልዬ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሰጠሁት።

በዓሉ ሲያልፍ «ዘሬስ?» አለችኝ።

«አይጥ በልቶት ነው መሰል» አልኳት።

ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን አዲሱን ካላንደር አየችና ወደ ጓዳ ገባች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ መስከረም ከራሴ ፍሬ ያስቀረሁትን ዘር ዘራሁ። አንዱ ቅጠል ብቻ ሆነ፣ ሌላው ሳይቀላ በሰበሰ፤ ወላጁን የመሰለ አንድም አልነበረም። ያ የሱቅ ዘር በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚገዛ እንጂ ከፍሬው ተወስዶ የሚዘራ እንዳልሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። የተማርኩት ሰውዬ።

በዚያው ዓመት እናቴ ታመመች። እህል አልዋጥላት አለ። አንድ ቀን ጠዋት «ያንን የኔን ቲማቲም በቃሪያ ብትቆራርጥልኝ እበላ ነበር» አለችኝ። ከፉሪ እስከ ብስራተ ገብርኤል ጉልት ለጉልት ስዞር ዋልኩ። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ ዘንድ ትንንሽ፣ የተሸበሸቡ ቲማቲሞች አገኘሁ። መልካቸው ቁርጥ የእሷን ነው። ከትፌ አቀረብኩላትና በፊተኛው ውሸት ላይ ሌላ ጨመርኩ።

«ከዘርሽ ተርፎ ጓሮ በራሱ የበቀለ ነው፣ እማዬ።»

አንድ ቁራጭ ጎረሰች። ረጅም ጊዜ አኘከች።

«አይጧ መለሰችልህ?» አለችኝ፣ ሳህኑን ቀስ አድርጋ ወደ እኔ እየገፋች።

የተረፈውን ጓዳ ገብቼ በላሁት። ውሃ ውሃ ይል ነበር። ከዚያ ወዲያ እስክታርፍ ድረስ ይህን አምጣልኝ ብላኝ አታውቅም።